ጋሽ ግራም ፈቃድ ሲጠይቁ

ጋሽ ግራም ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የገበያ ሚዛን ሲመረምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሥራ ላይ ሳሉ ልኩ የተረጋገጠ የብረት ድንጋይ የያዘች የእንጨት ሳጥን አንጠልጥለው ገበያ ይገባሉ፤ ድንጋያቸውን ሚዛኑ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ቁጥሩን ያያሉ፤ ከዚያም የሻጩን ፊት ያያሉ። ልክ ከሆነ ማኅተም ይመታሉ፤ ካልሆነ ሚዛኑን በሽቦ አስረው ያሽጋሉ። «አምስት ግራም ይጎድላል» ሲሉ ድምፃቸው መርዶ የሚያረዳ ሰው ድምፅ ይመስላል እንጂ ቁጣ የለበትም። ሻጮቹን አብልጦ የሚያበግናቸውም ይኸው ነበር።

ስማቸው የመጣው ከዚያ ነው። መጀመሪያ ገበያው ውስጥ በሹክሹክታ «ግራም መጣ» ይባል ነበር። ቀስ እያለ ስሙ ከገበያ ወጥቶ ሰፈር ገባ፤ ዕድሜያቸው ሲገፋ «ጋሽ» ተጨመረበት፤ በመጨረሻ የመሥሪያ ቤታቸው ዘበኛ ሳይቀር በዚሁ ይጠራቸው ጀመር። እሳቸውም አልተቀየሙም። ግራም ስድብ ሆኖ አልታያቸውም።

ሌላው ጠባያቸው ጥያቄን ሳይመልሱ አለማለፍ ነው። «እንዴት አደሩ?» ካሏቸው እንዴት እንዳደሩ ይነግሩዎታል። ግራ ጉልበታቸው ስንት ጊዜ እንደቀሰቀሳቸው፣ ከሁለቱ ትራሶች የትኛው እንደተሻላቸው፣ የጎረቤት ውሻ በስንት ሰዓት ጮኾ በስንት ሰዓት ዝም እንዳለ ሁሉ ይዘረዝራሉ። ሥራ የረፈደበት የሰፈር ሰው ከሩቅ ሲያያቸው ወደ ማዶ የሚሻገረው ጠልቷቸው አይደለም፤ ሰላም ካላቸው እንደማይደርስ ስለሚያውቅ ነው።

ባለቤታቸው በዚህ አይመስሏቸውም። ሃያ ስድስት ዓመት በሆስፒታል ስልክ ማዞሪያ ላይ ሠርተዋል። «ማንን ላገናኝዎ?» እና «አንድ ጊዜ ይጠብቁ» በሚሉ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ልጅ አሳድገው በክብር ጡረታ ወጥተዋል። ለተጠየቁት ብቻ ይመልሳሉ፤ ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አይወጣቸውም።

ከዕለታት አንድ ቀን ባሕር ማዶ የምትኖረው አንድያ ልጃቸው ወለደች። ወንድ ልጅ ነው። በሁለተኛው ሳምንት በስልክ ምስል ብቅ ብላ፣ ሕፃኑን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ «ኑና እዩት እንጂ» አለች። «ደግሞ የኛን ፓስፖርት ለያዘ ሰው ቪዛ አያስፈልግም። የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ የምትባል ነገር ብቻ በስልክ ትሞላላችሁ። አሥር ደቂቃ አትፈጅም።»

ጋሽ ግራም መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ቪዛ የማያስፈልግ ከሆነ ፈቃዱ ለምንድን ነው?»

«አባዬ፣ ቪዛ እኮ አይደለም። አውሮፕላን ላይ ከመሳፈራችሁ በፊት ማን እንደሆናችሁ ማወቅ ስለሚፈልጉ ነው።»

«ማን እንደሆንኩ ከፈለጉማ እነግራቸዋለሁ» አሉ ጋሽ ግራም።

ባለቤታቸው ይህን ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፍነው ገለጡ።

በማግስቱ ጠዋት ባለቤታቸው ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው የራሳቸውን በዘጠኝ ደቂቃ ሞልተው ላኩ። ፎርሙ በዚያ አገር ቋንቋ ቢሆንም ሆስፒታሉ ውስጥ ከውጭ ሐኪሞች ጋር ሲደዋወሉ የለመዱት ቋንቋ ነው። ምድጃ ላይ የጣዱትን ድስት አማስለው ሲመለሱ «ተፈቅዷል» የሚል መልእክት ደርሷቸዋል። ስልኩን በቀሚሳቸው ጠርዝ ጠረግ አደረጉና «በል ና፣ ያንተን እንጨርስ» አሉ።

የጋሽ ግራም ፈተና ከፎቶው ጀመረ። ስልኩ «ፊትዎን ክቡ ውስጥ ያስገቡ» ሲል እሳቸው ፊታቸውን ወደ ስልኩ አስጠግተው አፍንጫቸውን መስተዋቱ ላይ አሳረፉ። ከዚያ «መነጽርዎን ያውልቁ» አላቸው። አወለቁ። ሲያወልቁ የሚቀጥለው ትእዛዝ አይታያቸውም። ለማንበብ መነጽራቸውን አደረጉ። ስልኩ «መነጽርዎን ያውልቁ» አላቸው። ይህን አራት ጊዜ ከተመላለሱበት በኋላ ባለቤታቸው ስልኩን ነጠቋቸው።

«እኔ እያነበብኩ እነግርሃለሁ። አትናገር። አትሳቅ ይላል።»

አለመሳቁ አላስቸገራቸውም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲለማመዱት ኖረዋል።

ከዚያ ጥያቄዎቹ መጡ። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የፓስፖርት ቁጥር ያለችግር አለፉ። ባለቤታቸው ጣታቸው እየፈጠነ «ከዚህ በፊት በሌላ ስም ይታወቁ ነበር? አይ» ብለው ሊነኩ ሲሉ ጋሽ ግራም እጃቸውን ያዙ።

«አዎ በይ እንጂ።»

«የቱን ስም?»

«ግራምን ነዋ።»

«እነሱ የሚጠይቁት የጋብቻ ስም፣ በፍርድ ቤት የተቀየረ ስም እንዲህ ያለውን ነው።»

«ፍርድ ቤት የሚል ቃል አለበት? እስቲ ድገሚው።»

ባለቤታቸው ደገሙት። ፍርድ ቤት የሚል ቃል አልነበረበትም።

«እናትሽ ነፍሳቸውን ይማርና እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም» አሉ ጋሽ ግራም። «እና በሌላ ስም አልታወቅም ብዬ ልዋሽ?»

ባለቤታቸው «ግራም» ብለው ጻፉ። ቀጥሎ የቀድሞ ሥራ የሚል መጣ። ሳጥኗ የምትቀበለው ጥቂት ፊደል ብቻ ስለሆነች «የሚዛን ትክክለኛነት መርማሪ» የሚለው አልገባ አለ። ከፊት ሲቆርጡ፣ ከኋላ ሲቆርጡ «የሚዛን ሠራተኛ» ላይ ቆመ። ጋሽ ግራም ቅር ቢላቸውም ውሸት ስላልሆነ ተቀበሉት።

በመጨረሻ «በሽብር ተግባር ተሳትፈው ያውቃሉ?» የሚል ጥያቄ መጣ። ባለቤታቸው መልሱን ጠበቁ። ጋሽ ግራም ግድግዳውን ትክ ብለው እያዩ ዝም አሉ። አንድ ደቂቃ አለፈ።

«ምነው ዝም አልክ?»

«እያሰብኩ ነው።»

«ምን የሚታሰብ አለው?»

«አስታውሼ ልመልስ ብዬ እንጂ። ሰባ ዓመት እኮ ነው።»

ባለቤታቸው ሳይጠይቁ «አይ» የሚለውን ነኩና ላኩት።

ድስቱ ወርዶ፣ ምሳ ተበልቶ፣ ሳህኑ ታጥቦም መልስ አልመጣም። በማግስቱም የለም። በሦስተኛው ቀን ባለቤታቸው የሻንጣ ዚፕ ሊያስጠግኑ እንደወጡ ደብዳቤ በስልኩ ገባ። ደብዳቤው ትሁት ነው። ማመልከቻው በሠራተኛ እየታየ እንደሆነ ይገልጽና ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ «ግራም» የሚለውን መጠሪያ ማን፣ ለምን እንዳወጣላቸው። ሁለተኛ፣ በሥራቸው ምን ምን ይመዝኑ እንደነበር።

ጋሽ ግራም ደስ አላቸው። በጡረታ ዘመናቸው ስለ ሥራቸው የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ቋንቋውን የተማሩት የመሥሪያ ቤታቸውን መመሪያ በማንበብ ስለሆነ ስለ ክብደት ሲሆን አሳምረው፣ ስለ ሌላው ነገር ሲሆን በመጠኑ ይጽፋሉ። ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለው ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፉ፣ ፎቶ አነሱት፣ ላኩት።

ባለቤታቸው ዚፑን አሠርተው ሲመለሱ ቅጂውን አነበቡት። እንዲህ ይላል፦

«ግራም የሚለውን ስም ያወጡልኝ ሻጮች ናቸው። ስሜ ሲጠራ ይንቀጠቀጡ ነበር። በሥራ ዘመኔ ከሁሉ አብልጬ የመዘንኩት ነጭ ዱቄት ነው፤ በትናንሽ ላስቲክ የታሸገውንም ያልታሸገውንም መዝኛለሁ። ከጅምላ አከፋፋዩ አንስቶ እስከ መንገድ ዳር ቸርቻሪው ድረስ የማላውቀው የለም። አንዲት ግራም ያጎደለ ሰው ከእጄ አምልጦ አያውቅም።»

ባለቤታቸው ሻንጣው ላይ ቁጭ አሉ።

«ይኼን ላክኸው?»

«ልኬዋለሁ። ምን ጎደለው?»

«ስኳር የሚል ቃል የቱ ጋ ነው ያለው? ስንዴ የሚለውስ?»

«ነጭ ዱቄት ብያለሁ እኮ። ሌላ ምን ነጭ ዱቄት አለ?»

ባለቤታቸው ቅጂውን ለልጃቸው ላኩና ደወሉ። ልጅቱ ደብዳቤውን ስታነብ መጀመሪያ ሳቀች፤ ሕፃኑ ተነሥቶ አለቀሰ፤ ልታባብለው ሄዳ ፊቷ ጨልሞ ተመለሰች።

«አባዬ፣ እዚህ አገር ግራም ግራም እያደረጉ የሚሸጡት ሰዎች ሌሎች ናቸው።»

«ምን ይሸጣሉ?»

«አደንዛዥ ዕፅ።»

ጋሽ ግራም ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ። «በግራም ነው የሚሸጠው?»

«አዎ አባዬ።»

«ሚዛናቸውን ማነው የሚመረምረው?»

ልጅቱ «እማዬን አገናኘኝ» አለች።

ሁለተኛው ደብዳቤ ሲመጣ እንደ መጀመሪያው ትሁት አልነበረም። አመልካቹን በዚህ መጠሪያ የሚያውቁ ሦስት ሰዎች፣ ሥራቸውን ጠቅሰው፣ ስሙ እንዴት እንደወጣ በፊርማቸው ይመስክሩ ይላል። ይህ ካልሆነ ማመልከቻው ይዘጋል።

ጋሽ ግራም ክው አሉ። ያን ስም ከሥሩ የሚያውቁት ሰዎች ያሉት ገበያው ውስጥ ነው፤ ገበያው ውስጥ ደግሞ ወዳጅ የላቸውም። አንዱንም ሰው ለሥራ ካልሆነ አነጋግረው አያውቁም።

«እኔን አይወዱኝም» አሉ ባለቤታቸውን። በትዳር ዘመናቸው እንዲህ ብለው አያውቁም።

«ይወዱሃል ወይ ብለው አልጠየቁም» አሉ ባለቤታቸው። «ያውቁሃል ወይ ነው ጥያቄው። ሂድ።»

በዚያው ሳምንት ጋሽ ግራም ያለ ሳጥናቸው ገበያ ገቡ። ባዶ እጃቸውን ቢሆኑም መስመሩ እንደ ድሮው ጸጥ አለ። ሽንኩርት ሻጯ እጇን ከሚዛኑ አነሣች። ሥጋ ሻጩ፣ በአንድ ወቅት በአርባ ግራም የተነሣ ሱቁን ሦስት ቀን ያሸጉበት ሰውዬ፣ ቢላዋውን በፎጣ መጥረግ ጀመረ።

«ጡረታ ወጡ ተብሎ አልነበር እንዴ?» አለ።

«ወጥቻለሁ። ለግል ጉዳይ ነው የመጣሁት።»

«ሚዛኔ ባለፈው ወር ነው የታተመው።»

«አልጠየቅሁህም» አሉ ጋሽ ግራም፤ ዓይናቸው ግን ማኅተሙ ላይ ነበር።

ከዚያ ነገሩን ሁሉ ነገሩት። ስለ ልጅ ልጃቸው፣ ስለ ፎርሙ፣ ስለ ነጩ ዱቄት። ሲጨርሱ ሥጋ ሻጩ ቢላዋውን አስቀመጠና ሽንኩርት ሻጯን ጠራት፤ እሷ ማዶ ያለውን ዱቄት ነጋዴ ጠራችው። ጋሽ ግራም እንደገና እንዲያወሩት አደረጓቸው። ዱቄት ነጋዴው ሦስተኛ ጊዜም ጠየቀ፤ ሳቁ ስለበዛበት መጨረሻውን አልሰማሁም ብሎ ነው። ጋሽ ግራምም ከመጀመሪያው ጀምረው አወሩለት፤ ጥያቄ ነዋ።

«እጽፍልዎታለሁ» አለ ሥጋ ሻጩ ዓይኑን እየጠረገ። «ስሙን ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ ከእኔ የተሻለ ምስክር የለም።»

«ማን? አንተ?» አለች ሽንኩርት ሻጯ። «ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ሱቄ በታሸገ ጊዜ ነው እኮ፣ አርባ ግራም፣ አርባ ግራም እያልኩ ስዞር የወጣው።»

«አንተ ሱቅ ሳትከፍት በፊት ነው ግራም መጣ እያልኩ ስጮህ የነበረው። ያን ጊዜ ሥጋ አትሸጥም ነበር፤ ጎማ ነበር የምትጠግነው።»

ዱቄት ነጋዴው ሁለቱም እንደየራሳቸው ይጻፉ፣ ማን ያጣራል ብሎ ለማስታረቅ ሞከረ። ጋሽ ግራም ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንድ ስም ሁለት ሰው አውጥቶታል ብዬ ለሰው አገር መንግሥት አልልክም። ይጣራ።»

ማጣራቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ወሰደ። ጋሽ ግራም ባዶ ቆርቆሮ ላይ ተቀምጠው፣ ደብተር ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ሁለቱንም ተራ በተራ መረመሩ። ገዢዎች ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ዳር ቆሙ። አንዲት አሮጊት ማንም ሳይጠራቸው መጥተው ሽንኩርት ሻጯን ደግፈው መሰከሩ። በመጨረሻ ሽንኩርት ሻጯ ረታች፤ ሥጋ ሻጩ ጎማ ይጠግን የነበረበትን ዓመት ራሱ አምኗል።

ሥጋ ሻጩ አኮረፈ። «ካላወጣሁት ምን ብዬ ነው የምመሰክረው? ሌላ ሰው ፈልጉ» ብሎ ጀርባውን ሰጣቸው።

ጋሽ ግራም ከቆርቆሮው ተነሥተው አጠገቡ ሄዱ። በሕይወታቸው ሰው አባብለው ስለማያውቁ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉ ጠፋቸው።

«እሷ ስትጮህ ስሙ ከዚህ መስመር አልወጣም ነበር» አሉት። «ሱቅህን ያሸግሁ ጊዜ አንተ ነህ ሰፈር ያደረስከው። ዘበኛችን እንኳ የሰማው ካንተ ነው። እና ስሙን ያስፋፋሁት እኔ ነኝ ብትል ሐቅ ነው።»

ሥጋ ሻጩ ትንሽ አሰበበት። «ያስፋፋሁት» አለ ለራሱ። ከዚያ ዞረና እስክሪብቶ ጠየቀ።

ሦስቱ ምስክርነቶች ተጻፉ፤ ባለቤታቸው አስተርጓሚ ቤት ወስደው በማኅተም አስተረጎሟቸው። የሥጋ ሻጩ ደብዳቤ ከሁሉ ይረዝማል። ባለቤታቸው ሲልኩት ጋሽ ግራም አንዲት ማብራሪያ ልጨምርበት ብለው ነበር፤ ስልኩን ግን አላገኙትም።

በአራተኛው ቀን ጋሽ ግራም ጫማቸውን ሲቦርሹ ባለቤታቸው ከሳሎን ተጣሩ። «ተፈቅዷል። ለሁለት ዓመት።»

ጋሽ ግራም ቡሩሹን ይዘው ገቡና ስልኩን አዩት። «ሌላ መጠሪያ፦ ግራም» የሚለውም በይፋ ተጽፏል። ከዚያ ወደ ጫማቸው ተመለሱ፤ ባለቤታቸው እንደሚሉት ግን አንዱን ጫማ ሦስት ጊዜ ቦርሸው ሌላውን ረሱት።

ለጉዞው ጋሽ ግራም አሥራ አራት ገጽ ያለበት ማኅደር አዘጋጁ። ደብዳቤዎቹ፣ ትርጉሞቹ፣ የጡረታ መታወቂያቸው፣ ከዚህም ሌላ ሊጠየቁ ይችላሉ ብለው ያሰቧቸው ሃያ ሁለት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው አሉበት። አውሮፕላኑ ውስጥ ሙሉ መንገድ ሲያጠኑት ቆዩ።

ሲያርፉ ፓስፖርት መመርመሪያው ላይ የሚጠይቅ ሰው የለም። የመስተዋት በር ብቻ ነው። ባለቤታቸው ፓስፖርታቸውን አስቀመጡ፣ በሩ ተከፈተ፣ አለፉ። ጋሽ ግራምም አስቀመጡ። ማሽኑ ፊታቸውን አየ፤ አረንጓዴ መብራት በራ፤ በሩ ተከፈተ።

እሳቸው ግን ቆሙ። ማኅደሩን ደረታቸው ላይ አቅፈው ወዲህ ወዲያ አዩ። ወደ ኋላ ተመልሰው ዳር የቆመችውን ደንብ ልብስ የለበሰች ሠራተኛ ፈለጓት።

«ማንም አልጠየቀኝም» አሏት።

«ጨርሰዋል አባት። ይለፉ።»

«ወረቀቶቹን አታዪም?»

ሴትዮዋ ሰዓቷን አየች፤ ከዚያ የሰውዬውን ፊት አየች። ምን እንዳሰበች እንጃ፣ እጇን ዘርግታ ማኅደሩን ከፈተችው። መጀመሪያ የወጣላት የሥጋ ሻጩ ደብዳቤ ትርጉም ነው። «ይህ ሰው» ይላል፣ «በአርባ ግራም የተነሣ ሱቄን ሦስት ቀን ዘግቶብኛል። እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ነገር ግን ዕፅ ነጋዴ ነው ማለት ዘበት ነው፤ ለንግድ የሚሆን ጠባይ የለውም። ስሙን ያስፋፋሁት እኔ ነኝ።» ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው አንብባ ባልደረባዋን ጠራች። ባልደረባዋም አነበበ፤ ሌላ ጠራ። ጋሽ ግራም መሐላቸው ቆመው እያንዳንዱን ገጽ በቅደም ተከተል አስረዱ። ባለቤታቸው ከመስተዋቱ ማዶ ሻንጣው ላይ ተቀምጠው፣ ሰባት አውሮፕላን ሙሉ መንገደኛ ሲያልፍ አዩ።

ልጃቸው መውጫው ጋ ሕፃኑን ይዛ ስትጠብቅ ቆይታ ልትደውል ስትል መጡ። ጋሽ ግራም ሕፃኑን ተቀብለው ቁልቁል አዩት። ሕፃኑም አያቸው። እስኪያለቅስ ጠበቁ፤ አላለቀሰም። ያን ቀን እስከ ማታ ማንም ምንም ሳይጠይቃቸው፣ እሳቸውም አንዳች ነገር ለማንም ሳያብራሩ፣ ሕፃኑን ታቅፈው መስኮት አጠገብ ዋሉ።

ከሁለት ወር በኋላ ሲመለሱ ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ሰፈር ደርሷል። ዛሬ ባሕር ማዶ ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ ፎርም ለማስሞላት የሚመጣው እነሱ ቤት ነው። ሞዪዋ ባለቤታቸው ናቸው፤ በዘጠኝ ደቂቃ ይጨርሳሉ። ያወጡት ሕግ አንድ ብቻ ነው፦ ፎርም በሚሞላበት ሰዓት ጋሽ ግራም ጓሮ አትክልት ያጠጣሉ። ባለፈው ሳምንት ሽንኩርት ሻጯ ባሕር ማዶ ያለች እህቷን ልትጠይቅ ስታስሞላ ግን አልቻሉም። ውኃ ማጠጫቸውን እንደያዙ በመስኮቱ አንገታቸውን አስገብተው፣ «ሦስተኛውን ጥያቄ እስቲ አንዴ ድገሙልኝ» አሉ። ባለቤታቸው መስኮቱን ዘጉት።